ሳይጠየቅ የሚሠራ መብት፣ ወረፋ የሚጠብቅ መብት

በጥር 2025 የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎዛ አንድ ሕግ ፈረሙ። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት እንዴት እንደሚያስለቅቅ የሚደነግግ ሕግ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሁለት ሳምንት በኋላ ነገሩ ዋሽንግተን ደረሰ። ዶናልድ ትራምፕ ለደቡብ አፍሪካ የሚሰጠው እርዳታ እንዲቆም አዘዙ። አፍሪካነር የሚባሉት ነጮችም በስደተኝነት አሜሪካ እንዲገቡ በሩን ከፈቱላቸው። በግንቦት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አውሮፕላን ተሳፍረው ሄዱ።

በየማኅበራዊ ሚዲያው የተነሳው ጫጫታ ሁለት መልክ ነበረው። ገሚሱ "ነጮቹን ሊዘርፏቸው ነው" አለ። ገሚሱ ደግሞ "በመጨረሻ መሬቱ ለባለቤቱ ሊመለስ ነው" ብሎ ጨፈረ። አብዛኛው ሰው ሕጉን ገልጦ ያየው አይመስልም።

ሕጉ በጩኸቱ ልክ አይደለም። መንግሥት አንድን መሬት ከማስለቀቁ በፊት ከባለቤቱ ጋር በስምምነት ለመግዛት መሞከር አለበት። ካልተሳካ ለሕዝብ ዓላማ ወይም ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ያስለቅቃል፤ ካሳም ይከፍላል። ያለ ካሳ ማስለቀቅ የሚባለው ነገር የሚመጣው ለየት ባሉ ሁኔታዎች ነው። ለምሳሌ ባለቤቱ ምንም ሳይሠራበት ዋጋው እስኪንር ብቻ ይዞት የተቀመጠ መሬት፣ ተትቶ የቀረ መሬት፣ ወይም መንግሥት በድጎማ ያፈሰሰበት ገንዘብ ከገበያ ዋጋው የማያንስ መሬት። በእነዚህም ቢሆን ሕጉ "ካሳው ዜሮ ቢሆን ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል" ነው የሚለው። ባለቤቱ ካልተስማማ ፍርድ ቤት አለ። በነገራችን ላይ ይህ ሕግ የሚተካው አፓርታይድ በ1975 ያወጣውን ሕግ ነው። ዴሞክራሲ ከመጣ ከሠላሳ ዓመት በኋላም መንግሥት ንብረት የሚያስለቅቀው በዚያ ሕግ ነበር።

ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ አዲሱ ሕግ አይደለም። ከበላዩ ያለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ነው። የንብረት መብት አንቀጽ ይባላል። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ግራም ቀኝም ሲወቅሰው ኖሯል። እኔ በበኩሌ አንቀጹ የተወቀሰበት ምክንያት ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ነገር ግን ችግር የለበትም ማለቴ አይደለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ወደዚያ ለመድረስ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በሰኔ 1913 የወጣው የአገሬው ተወላጆች የመሬት ሕግ ጥቁሮች ከተከለለላቸው ቦታ ውጭ መሬት እንዳይገዙና እንዳይከራዩ ከለከለ። የተከለለላቸው ከአገሪቱ መሬት 7 በመቶ ገደማ ነበር። በ1936 ወደ 13 በመቶ ከፍ አለ። ብዙኃኑ ሕዝብ በዚያ ተጨናንቆ ይኑር ተባለ። አፓርታይድ በ1948 ሲመጣ ሥራው በግማሽ አልቆ ነው የጠበቀው። ቀጥሎ የከተማ ሰፈሮችን በዘር የሚከፋፍለው የ1950 ሕግ መጣ። በዮሐንስበርግ ሶፊያታውን ፈረሰች። በኬፕታውን ዲስትሪክት ስድስት የሚባለው ሰፈር በ1966 "የነጮች ክልል" ተብሎ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ተነሳ። ከ1960 እስከ 1983 ባለው ጊዜ ብቻ በግድ የተፈናቀለው ሰው 3.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ይህ ሁሉ የተደረገው በሕግ ነው። አዋጅ ወጥቶ፣ ካርታ ተነድፎ፣ ማኅተም ተመቶ። ዘረፋው የባለቤትነት ደብተር አለው።

እንግዲህ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተደራዳሪዎቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ጥያቄው ይህ ነበር። ያ ደብተር ይከበር ወይስ ይቀደድ? የነጮቹ ወገን ንብረት ካልተጠበቀ ስምምነት የለም አለ። የማንዴላ ፓርቲ ኤኤንሲ ደግሞ መሬት ካልተመለሰ ነጻነት የለም የሚል ሕዝብ ከኋላው አለ። መሃል ተገናኙ። ኔልሰን ማንዴላ በታኅሣሥ 1996 በሻርፕቪል የፈረሙት ሕገ መንግሥት ሁለቱንም አስገባ።

አንቀጽ 25 መጀመሪያ ንብረትን ይጠብቃል። ማንም ንብረቱን ያለ ሕግ አይነጠቅም ይላል። ቀጥሎ ለማስለቀቅ በር ይከፍታል። የሕዝብ ጥቅም ሲል የመሬት ማሻሻያን እንደሚጨምር በግልጽ ያስቀምጣል። ካሳው "ተገቢና ሚዛናዊ" ይሁን ይላል። ሚዛኑ ላይ የሚቀመጡትን አምስት ነገሮችም ይዘረዝራል፦ መሬቱ አሁን የሚሰጠው አገልግሎት፣ መሬቱ እንዴት እንደተገኘ፣ የገበያ ዋጋው፣ መንግሥት ያፈሰሰበት ድጎማ፣ የሚለቀቅበት ዓላማ። የገበያ ዋጋ ከአምስቱ አንዱ ነው፤ ያውም ሦስተኛው። ቀጥሎ ዜጎች ሁሉ በፍትሐዊ መንገድ መሬት እንዲያገኙ መንግሥት ምክንያታዊ እርምጃ ይውሰድ ይላል። በዘር ሕግ ምክንያት ይዞታው ያልተረጋገጠለት ሰው ዋስትና ያገኛል። ከሰኔ 19 ቀን 1913 በኋላ የተነጠቀ ሰው ደግሞ መሬቱ ይመለስለታል ወይም ይካሳል። ለዚህ የሚያግድ ነገር በዚህ አንቀጽ ውስጥ እንደሌለም አንድ ንዑስ አንቀጽ በአጽንዖት ይናገራል።

ይህን ያነበበ ሰው "ታዲያ ምን ቀረው?" ቢል አይፈረድበትም።

የቀረው ይህ ነው። በአንዱ አንቀጽ ውስጥ ያሉት መብቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። የባለይዞታው መብት ሳይጠየቅ ይሠራል። ሰውየው ምንም ማድረግ የለበትም። ሕገ መንግሥቱ በጸናበት በየካቲት 1997 ጠዋት ሲነሳ ደብተሩ እንደነበረ ነው፤ ጥበቃውም አብሮት አለ። የተነጠቀው ሰው መብት ግን ሰው ይፈልጋል። ማመልከቻ የሚቀበል ቢሮ፣ የሚያጣራ ባለሙያ፣ የሚመደብ በጀት፣ የሚሟገት ጠበቃ ይፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሕጉ ገለልተኛ ቢሆንም፣ ምንም ሳይደረግ የሚያልፍ እያንዳንዱ ዓመት የሚጠቅመው ትናንት መሬቱን ለያዘው ነው። በዘር የተሠራውን ልዩነት ለማስቀጠል ዘረኛ ባለሥልጣን አያስፈልግም። ሰነፍ ቢሮ ይበቃል።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ1996 በነጭ ገበሬዎች እርሻ ላይ በጉልበታቸው እያገለገሉ ለሚኖሩ ጥቁር ቤተሰቦች አንድ ሕግ ወጥቶ ነበር። በልዋጭ ተቀምጠው የሚያርሱትን መሬት በባለቤትነት እንዲጠይቁ ፈቀደላቸው። እስከ መጋቢት 2001 አመልክቱ ተባሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አመለከቱ። ከዚያ ዝም ተባለ። ቢሮው ስንት ማመልከቻ እንዳለው እንኳ በቅጡ መናገር አቃተው። አመልካቾች እያረጁ፣ አንዳንዶቹም እየሞቱ ሄዱ። ጉዳዩ ምዌላሴ በሚባል ክስ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰና በነሐሴ 2019 ውሳኔ አገኘ። ዳኛ ኤድዊን ካሜሮን የጻፉት ውሳኔ ያልተለመደ ነበር። ፍርድ ቤቱ ማመልከቻዎቹን የሚከታተል ልዩ ባለሙያ ከውጭ ይሾም አለ። በአጭሩ መሥሪያ ቤቱ ሥራውን መሥራት ስላቃተው ፍርድ ቤት አሠሪ ቀጠረለት ማለት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንቀጽ 25 ማንንም አልከለከለም። ካሳ ውድ ሆኖ የቀረም አልነበረም። ፋይል የሚያገላብጥ ሰው ነው የጠፋው።

"ግን እኮ ገበያ ዋጋ ክፈሉ የሚለው ነው ያሰራቸው" የሚል ክርክር አለ። ውሃ አያነሳም። ከላይ እንዳየነው ሕገ መንግሥቱ የገበያ ዋጋ ክፈሉ አላለም። ያለው መንግሥት ራሱ ነው። በ1997 የወጣው የመሬት ፖሊሲ "ፈቃደኛ ገዥና ፈቃደኛ ሻጭ" የሚለውን መርህ ይዞ መጣ። ያኔ ዓለም ባንክም ይህን መንገድ ሲመክር ነበር። ባለቤቱ መሸጥ ካልፈለገ የለም። ከፈለገም የጠራውን ዋጋ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ 30 በመቶ የእርሻ መሬት ይተላለፋል ተብሎ ነበር። አልሆነም። ቀነ ገደቡ ወደ 2014 ተገፋ። እሱም አለፈ።

በቀድሞው ፕሬዚዳንት ካሌማ ሞትላንቴ የተመራው ከፍተኛ ፓነል በ2017 መጨረሻ ያወጣው ሪፖርት ለእኔ ከሁሉም በላይ ይናገራል። የራሱ የኤኤንሲ ሰው የመራው ፓነል ነው፤ ጠላት ነው ሊባል አይችልም። ካሳ መክፈል የመሬት ማሻሻያው ዋና እንቅፋት አልነበረም አለ። ዋናዎቹ የባለሥልጣናት ሙስና፣ ለድሃ የተመደበው በጀት ወደ ባለ ገንዘብና ባለ ሥልጣን መሄዱ፣ የፖለቲካ ፍላጎት ማጣት፣ የባለሙያ እጥረት ናቸው አለ። ለመሬት ማሻሻያ የሚመደበውም ከአገሪቱ በጀት 0.4 በመቶ አይሞላም አለ። እንግዲህ የአገሪቱ ትልቁ ቁስል ለሚባለው ጉዳይ ከመቶ ራንድ ግማሽ ራንድ እንኳ አልተመደበም።

የዚያው ዓመት የመንግሥት የመሬት ኦዲትም አለ። በግለሰቦች ስም ከተያዘው የእርሻ መሬት 72 በመቶው የነጮች ሆኖ ተገኘ። የጥቁሮች 4 በመቶ ነበር። በ2022 ቆጠራ ነጮች ከሕዝቡ 7 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ጥቁሮች ከ81 በመቶ በላይ። ኦዲቱ የኩባንያንና በአደራ የሚያዝን (የትረስት) መሬት በዘር አይከፍልም። የመንግሥት መሬትና የባህላዊ አስተዳደር መሬትም ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ዱላ ማወዛወዝ አያዋጣም። ቢሆንም ከነገሩ ስፋት ምንም አይቀንስም።

መንግሥት የገዛውን መሬት ምን አደረገው የሚለው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከ2006 ጀምሮ መንግሥት መሬት እየገዛ ለጥቁር ገበሬዎች ማከራየት ጀመረ። በባለቤትነት መስጠት ቀረ። በሊምፖፖ ዴቪድ ራክጋሴ የሚባሉ ገበሬ ከ1991 ጀምሮ በኪራይ ሲያርሱ ኖረዋል። መንግሥት በ2003 እሸጥልሃለሁ ብሎ ተስማማና ቃሉን አጠፈ። ሰውየው ከሰሱ። በ2019 የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥት እንዲሸጥላቸው ወሰነ። አንድ ጥቁር ገበሬ መሬት ለማግኘት የተሟገተው ከነጭ ባለርስት ጋር አይደለም። ከገዛ መንግሥቱ ጋር ነው።

በቀድሞዎቹ የጥቁሮች ክልሎችም ያው ነው። በክዋዙሉ ናታል 2.8 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ኢንጎንያማ በሚባል ትረስት ስር ነው፤ ባለአደራው የዙሉ ንጉሥ ናቸው። ትረስቱ በአያት ቅድመ አያት መሬታቸው ላይ የሚኖሩ ሰዎችን የኪራይ ውል እያስፈረመ ገንዘብ ሲሰበስብ ነበር። በ2021 ፍርድ ቤት ድርጊቱን ሕገ ወጥ ብሎ ገንዘቡ እንዲመለስ አዘዘ። ለእንደዚህ ዓይነት ነዋሪዎች ዋስትና የሚሰጥ ቋሚ ሕግ እስከ ዛሬ የለም። በ2004 የወጣው ሕግ አወጣጡ ሥርዓት የጎደለው ነው ተብሎ በ2010 ተሻረ። እስካሁን የሚሠራው በ1996 "ለጊዜው" ተብሎ የወጣ ሕግ ነው። በየዓመቱ ይታደሳል። ጊዜያዊው ሕግ አሁን ልጅ ወልዶ ሊድር በሚችልበት ዕድሜ ላይ ነው።

ፍርድ ቤቶቹ ግን በአንቀጽ 25 ብዙ መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል። ሁለት ጉዳዮች ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የሪችተርስፌልድ ነው። በሰሜን ምዕራብ ጥግ የሚኖሩ የናማ ማኅበረሰብ አባላት መሬታቸው አልማዝ ስለተገኘበት ተወስዶባቸው ነበር። መንግሥት "እናንተ በ1847 እንግሊዝ ግዛቱን ስትጠቀልል ነው መብታችሁን ያጣችሁት፤ ከ1913 በፊት ስለሆነ አይመለከታችሁም" አላቸው። ፍርድ ቤቱ በ2003 አልተቀበለም። ቅኝ ገዥ ባንዲራ መትከሉ ብቻ በአገሬው ሕግ የነበረውን ባለቤትነት አያጠፋም አለ። መብታቸውን ያጡት በ1920ዎቹ አልማዙ ከተገኘ በኋላ ነው ብሎ ፈረደላቸው። ከመሬቱ ጋር በማዕድኑም ላይ መብት እንዳላቸው አረጋገጠ።

ቢሆንም የ1913 ገደብ ራሱ ትልቅ ጥያቄ ነው። ደቾች ኬፕ የደረሱት በ1652 ነው። ከዚያ ወዲህ በጦርነት የተወሰደው መሬት ከ1913 በኋላ ከተወሰደው እጅግ ይበልጣል። ኮይና ሳን የሚባሉት ሕዝቦች አብዛኛውን መሬታቸውን ያጡት የ1913ቱ ሕግ ከመጻፉ በፊት ነው። እንደ ፈላስፋው ሞጎቤ ራሞሴ ያሉ ተቺዎች በወረራ የተገኘ ባለቤትነት በሕገ መንግሥት ታጥቦ ሕጋዊ ሆነ ብለው የሚቆጡት ለዚህ ነው። ከ1913 ወደ ኋላ መሄድ በተግባር እጅግ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ማን ከማን እንደወሰደ ማረጋገጥ ራሱ ፈተና ነው። ግን ከባድ ነው ማለትና ፍትሕ ነው ማለት ለየቅል ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ዮላንዳ ዳንኤልስ በስቴለንቦሽ እርሻ ላይ ባለች ቤት ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ቤቱን በራሷ ወጪ ላድስ አለች። ወለሉን ላስተካክል፣ ውሃ ላስገባ፣ ጣሪያው ስር ኮርኒስ ላስገጥም ነው ያለችው። ተከለከለች። ክርክሩ "ሕጉ የመኖር መብት እንጂ የማሻሻል መብት አልሰጠሽም" የሚል ነበር። በ2017 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ለእሷ ፈረደ። በክብር የመኖር መብት ካለ ቤቱን ለክብር የሚመጥን የማድረግ መብትም አለ አለ። ዳኛ ዮሐን ፍሮነማን በራሳቸው ሐሳብ ላይ የጻፉት ደግሞ ከሕግ ባለሙያ ብዙም አይጠበቅም። እሳቸው ራሳቸው ነጭ ናቸው። ሦስት ነገሮች መምጣት አለባቸው አሉ፦ ያለፈውን በደል በሐቅና በጥልቀት ማመን፣ ባለቤትነት ምን ማለት እንደሆነ እንደገና ማሰብ፣ ሕገ መንግሥቱ ያመጣውን ለውጥ ሳያድበሰብሱ መቀበል።

ሁሉም ፍርድ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። በምሲዛ ጉዳይ የመሬት ይገባኛል ፍርድ ቤት በ2016 ከገበያ ዋጋው ከ1.8 ሚሊዮን ራንድ ላይ 300 ሺህ ቀንሶ ካሳ ወሰነ። የገበያ ዋጋ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው በሚል። ፍርዱን የጻፉት በጊዜያዊ ዳኝነት ተቀምጠው የነበሩት ታዋቂው ጠበቃ ቴምቤካ ንጉካይቶቢ ናቸው። የይግባኝ ሰሚው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ሻረውና ሙሉው የገበያ ዋጋ ይከፈል አለ። ጽሑፉ ያው ነው። ዳኛው ሲለያይ ግን የሚዛኑ ክብደት ይለያያል።

በአንቀጽ 9 ስላለው የእኩልነት መብት አጠር አድርጌ ልለፍ። ፍርድ ቤቱ በ2004 በቫን ሄርደን ጉዳይ አንድ ትልቅ ነገር ተናግሯል። ትናንት የተበደለውን ለማቋቋም የሚወሰድ እርምጃ ከእኩልነት የወጣ ልዩ ሁኔታ አይደለም፤ የእኩልነት ራሱ አካል ነው ብሏል። ዛሬ በሌሎች አገሮች "ሁሉንም እኩል እይ" በሚል ሰበብ እንዲህ ያሉ እርምጃዎች እየተሻሩ ነው። ደቡብ አፍሪካ በዚህ በኩል መንገዷ የተለየ ነው።

ፖለቲከኞቹ ምን አደረጉ? በ2018 ፓርላማው አንቀጽ 25 እንዲሻሻል ተነሳ። ሦስት ዓመት ከተከራከሩ በኋላ በታኅሣሥ 2021 ድምፅ ተሰጠ። 267 ያስፈልግ ነበር፤ 204 ብቻ ተገኘ። ዴሞክራቲክ አሊያንስ የተባለው ፓርቲ የንብረት መብት ይነካል ብሎ ተቃወመ። የጁሊየስ ማሌማ ፓርቲ ኢኤፍኤፍ ደግሞ መሬት ሁሉ በመንግሥት እጅ ካልገባ አይበቃም ብሎ ተቃወመ። ተቃራኒ ምክንያት ይዘው አንድ ላይ ጣሉት። ሦስቱ ዓመታት ለአንድ ገበሬ እንኳ አንድ ጋሻ መሬት አላስገኙም። ጎረቤት ዚምባብዌ የሄደችበት መንገድ እዚያው ዓይናቸው ስር ነበር። ከ2000 ጀምሮ እርሻዎቹ በኃይል ተወሰዱ፤ ኢኮኖሚው ወደቀ፤ በ2020 መንግሥት ለቀድሞ ገበሬዎች 3.5 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ልክፈል ብሎ ፈረመ። ያን ያህል ገንዘብ ግን በእጁ አልነበረም።

የ2025ቱ ሕግም ወዲያው ፍርድ ቤት ሄዷል። የከሰሰው ዴሞክራቲክ አሊያንስ በጥምር መንግሥቱ ውስጥ ያለ ፓርቲ ነው። አንድ እግሩ ካቢኔ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ችሎት ማለት ነው። ዜሮ ካሳ መቼ "ተገቢና ሚዛናዊ" ይሆናል የሚለውን ዳኞች ገና ብዙ ይከራከሩበታል። ከ2024 ጀምሮ ሥራ የጀመረው ቋሚ የመሬት ፍርድ ቤትም በዚህ ላይ የራሱን ድርሻ ይጫወታል። ከዚያ በፊት የነበረው ፍርድ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በጊዜያዊ ዳኞች ሲሠራ ኖሯል፤ ይህ ለውጥ ከራማፎዛ ፊርማ ያነሰ ወሬ ቢያገኝም ቀላል አይደለም።

የ1998 ቀነ ገደብ ሳያልፍ የቀረቡ የመሬት ይመለስልኝ ጥያቄዎች በሺዎች የሚቆጠሩት እስካሁን መልስ አላገኙም። በ2014 በሩ እንደገና ተከፍቶ ከ160 ሺህ በላይ አዲስ ጥያቄ ጎረፈ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2016 ያንን ሕግ ሻረ፤ የቆዩት ሳይጠናቀቁም አዲሶቹ እንዳይነኩ አዘዘ። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ለመከታተል የሚፈልግ ሰው ከትራምፕ መግለጫና ከማሌማ ንግግር ይልቅ የአገሪቱን ዓመታዊ በጀት ቢያይ ይሻላል። ለመሬት መላሽ ኮሚሽኑ ስንት ተመደበ? ስንት ቀያሽ ተቀጠረ? ከቆዩት ፋይሎች በዓመቱ ስንቱ ተዘጋ?